በትንሽ ደመወዝ ወር መድረስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ኪራይ እየከፈሉ፣ ልጅ እያሳደጉ፣ በጠባብ ደመወዝ ወይም በቀን ገቢ ከተማ ውስጥ ከሚኖሩ ሰዎች አፍ የማይጠፉ ናቸው። ምሳሌው አብዛኛው ከአዲስ አበባ ነው። የዋጋ ቁጥር አልጻፍኩም ማለት ይቻላል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ስሌቱን ግን አስቀምጫለሁ። ዋጋውን ከሰፈራችሁ አምጡና አስሉበት።

ገቢዬ ለምግብና ለኪራይ እንኳ አይበቃም። ቁጠባ ለእኔ ይሆናል?

ገቢው ከኪራይና ከእንጀራ በታች ከሆነ ምንም ዓይነት ብልሃት አይሞላውም። ያኔ ጥያቄው የገቢ እንጂ የቁጠባ አይደለም። ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት አገር ይህ የሰነፍ ሰው ችግር ነው ማለትም ነውር ነው።

ብዙው ሰው ግን ጠርዝ ላይ ያለ ነው። ወር ከገባ በሃያው ቀን ኪሱ ይደርቃል፤ የቀረውን አሥር ቀን በዱቤና በብድር ይገፋል። ለዚህ ሰው ነው ይህ ገጽ። «ማኪያቶ ተው» የሚለውን ምክር እዚህ አታገኙም። በወር አንዴ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ከዚያ ላይ ምን ይቆጥባል?

ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ገቢው ያነሰ ሰው ለአንድ ዕቃ ከባለገንዘቡ በላይ ይከፍላል። ዘይት በትንሽ በትንሹ፣ ከሰል በመደብ፣ ሽንኩርት በሩብ ኪሎ፣ ውሃ ከጎረቤት በጄሪካን፣ ኢንተርኔት በየቀኑ። አንድ ላይ ሲደመር ያው ዘይት፣ ያው ከሰል፣ በጣም በተወደደ ዋጋ ነው። ከታች ያለው መልስ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ወጥመድ እንዴት እንደሚወጣ ነው።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ለአንድ ሳምንት ያወጣችሁትን ሁሉ ጻፉ። ደብተር ላይም ስልክ ላይም ይሆናል። የአምስት ብሯን ሶፍትም ሳትቀር። ሳምንቱ ሲያልቅ ጠቅላላ ድምሩን ትታችሁ ከሦስት ጊዜ በላይ የገዛችሁትን ዕቃ ብቻ አክብቡ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከሰል፣ ዳቦ፣ የስልክ ጥቅል። ገንዘቡ የሚፈሰው እዚያ ነው።

ከዚያ ካከበባችሁት አንዱን ብቻ ምረጡ። በሚቀጥለው ደመወዝ እሱን የወሩን ያህል በአንዴ ግዙ። ሁሉንም በአንድ ወር ልገልብጥ ያለ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይተወዋል። ዘይት ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ አይበላሽም፣ የጀሪካኑን ዋጋ ለሊትሩ ብዛት አካፍሎ ከሱቁ ችርቻሮ ጋር ማነጻጸርም ቀላል ነው።

ጤፍ በኩንታል የመግዛት አቅም የለኝም። ምን ላድርግ?

ብቻችሁን አትግዙ። ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። አምስት ጎረቤት ቢገባበት ለአንድ ቤት ሃያ ኪሎ ይደርሰዋል፤ ዋጋው ግን የኩንታል ዋጋ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአንድ ብሎክ፣ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቦታ ይህን ለዓመታት ሲያደርጉት የኖሩ ሴቶች አሉ። ስም እንኳ አላወጡለትም።

እንዳትጣሉ ግን ሦስት ነገር ቀድሞ ይነገር። አንደኛ፣ ገንዘቡ ሁሉ ሳይሰበሰብ ማንም ገበያ አይሄድም። «አንቺ ሙይልኝና በኋላ እሰጥሻለሁ» የሚባል ነገር ጎረቤትን ያጣላል። ሁለተኛ፣ የመጫኛና የተሸካሚ ወጪ ከጤፉ ዋጋ ጋር ይደመር። ይህን ሳያስቡ «መርካቶ ረከሰ» ብለው እህል በረንዳ ሄደው ለጭነት ከፍለው ሲደመር ከሰፈራቸው ወፍጮ ቤት ጋር እኩል የሚሆንባቸው ብዙ ናቸው። ሦስተኛ፣ ከመፈጨቱ በፊት በሚዛን ተከፋፈሉ። አንዷ ማሽላ ልትቀላቅል ትፈልጋለች፣ ሌላዋ ንጹሕ ጤፍ ነው የምትፈልገው።

የወረዳችሁን የሸማቾች ማኅበርም አትርሱ። ዘይትና ስኳር ሲመጣ የነዋሪነት መታወቂያ ይዞ ቀድሞ የተገኘ ሰው ያገኛል። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አንድ ሰው ሰፈር ውስጥ አይጠፋም። እሱን ወዳጅ አድርጉት። የሰንበት ገበያም ከጉልት ይረክሳል፤ በተለይ ለአትክልት። ከሰዓት በኋላ ሲሄዱ ዋጋው ይወርዳል፣ የተረፈው ቲማቲም ግን የተመረጠበት ነው።

በብዛት የገዛሁት ቶሎ ያልቃል። ቤት ሲሞላ እጅ ይፈታል መሰለኝ።

መሰለኝ አይደለም፣ እውነት ነው። ስኳሩ አምስት ኪሎ ሆኖ ሲታይ ማንኪያው ይሞላል። መፍትሔው ሰፍራችሁ ማውጣት ነው። ትልቁን ዕቃ አልጋ ሥር አስገቡት፤ የሳምንቱን ብቻ በትንሽ ዕቃ ቀድታችሁ ወጥ ቤት አስቀምጡ። እናቶቻችን ቅቤና በርበሬን በዚህ መንገድ ነበር የሚያዘልቁት፤ ቁልፉም ቀሚሳቸው ላይ ይታሰር ነበር።

ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች በብዛት አይገዛም። ክረምት ላይ ድንች ይበቅላል፣ ሽንኩርትም ይበሰብሳል።

የትኛው ዕቃ በየትኛው ወር ይረክሳል?

የመኸር እህል ከኅዳር ጀምሮ ይታጨዳል። ገበያው በደንብ ሲገባ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ጤፍም ጥራጥሬም ረገብ ይላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ክረምት ላይ፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ አሮጌው ሲያልቅ፣ ይጦዛል። በርበሬም ቢሆን በጋው ላይ ነው የሚያዋጣው፤ ለማስጫ ፀሐይም አለ። የዓመት በርበሬና ሽሮ ጥርና የካቲት ላይ ማዘጋጀት የቆየው ልማድ ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ ላይ ርጥብ በርበሬ የገዛ ሰው ሻጋታ ይዞ ይቀራል።

ቅቤ ዝናቡ አልፎ ሣሩ ሲትረፈረፍ፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ፣ ይሻላል። እንቁላልና ወተት ደግሞ ሁዳዴ ላይ። በ55ቱ ቀን ፈላጊው ይቀንሳል፤ የማይጾም ቤትና ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤት ያን ጊዜ ልጆቹን ያጥግብ።

ጤፉን ከሌላ እህል ጋር ባደባልቀው እንጀራው ይበላሻል?

መጠኑ ላይ ነው። ማሽላ አንድ ሦስተኛ ድረስ ቢገባ ብዙ ሰው አይለየውም፤ በተለይ ነጭ ማሽላ ከሆነ። ሩዝ እንጀራውን ያነጣዋል፣ ዓይኑንም ያሳምረዋል፣ ግን በማግስቱ ይደርቃል፤ ሲጠቀለልም ይሰባበራል። ስለዚህ ሩዝ የሚቀላቅል ቤት ቶሎ ቶሎ መጋገር አለበት፤ ያ ደግሞ መብራት ይበላል። በቆሎ በብዛት ሲገባ ይሰነጣጠቃል። ገብስ ትኩሱን ግሩም ነው።

ከማደባለቅ በፊት ግን ሌላ ነገር ሞክሩ፦ ከማኛ ወደ ሰርገኛ ወይም ወደ ቀይ ውረዱ። ነጭ እንጀራ ለእንግዳ ዓይን ነው፤ ሆድ አይመርጥም። ቀይ ጤፍ ጣዕሙ እንዲያውም ለሽሮ የተሠራ ይመስለኛል።

እንጀራ ቤት መጋገር ይሻላል ወይስ መግዛት?

ብቻውን ለሚኖር ሰው መግዛት ብዙ ጊዜ ያዋጣል። አራትና ከዚያ በላይ ሰው ላለበት ቤት መጋገር ይሻላል፤ ግን አጋገሩ ላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃ ሁሉ ትልቁ በላተኛ ነው። ብዙው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገር 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይሄዳል። ከዚያ ውስጥ መጀመሪያ ምጣዱ እስኪግል የሚባክነው ቀላል አይደለም፤ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። በየሁለት ቀኑ የሚጋግር ቤት በወር አሥራ አምስት ጊዜ ያግላል። በየአራት ቀኑ የሚጋግር ከስምንት አይበልጥም።

ከሁሉ የሚሻለው ተራ መግባት ነው። አንዷ ጎረቤት ስትጨርስ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ሌላዋ ትቀጥላለች። ሁለት ቤት፣ አንድ ማጋያ። የመብራት ታሪፍ በፍጆታ መጠን ደረጃ ደረጃ ስላለው፣ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው ደግሞ ዝቅተኛው ስለሆነ፣ ቁጠባው ከሚመስለው በላይ ነው። ምጣዱ በአንድ ቆጣሪ ላይ ብቻ ከሆነ ግን የቆጣሪዋን ባለቤት አትጉዱ፤ ድርሻችሁን አስልታችሁ ስጡ።

ሻጋታ ሳይመታው ያደረ እንጀራ አይጣልም። ፍርፍር ይሆናል። ከዚያም ካለፈ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሽ በሽሮ ፍርፍር ሲሆን ደግሞ የማይወደው አላጋጠመኝም።

ሽሮ ከሱቅ ርካሹን ብገዛ ምን አለበት?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ርካሽ ሽሮ የሚረክስበት ምክንያት አለው። ንጹሕ ሽምብራ ወይም አተር ይወደዳል፤ ስለዚህ ጓያ ይበዛበታል። ጓያ ትንሽ ሲገባ ችግር የለውም፤ አገራችን ለዘመናት በልታዋለች። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል። በድርቅ ዓመታት፣ ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻ የተበላባቸው አካባቢዎች ላይ ብዙ ወጣት በዚህ ተጎድቷል፤ ጉዳቱም አይድንም።

ስለዚህ ሽሮ የየቀኑ ወጥ የሆነበት ቤት እህሉን ራሱ ገዝቶ ቢያስፈጭ ይሻላል። ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላ። ማመሱና መከካቱ ሥራ አለው፣ አይካድም። ግን ሦስት አራት ሴቶች ተሰብስበው ከሠሩት ግማሽ ቀን ነው፤ ወሬውም አለ፣ ቡናውም አለ።

ባቄላና ሽምብራ ለንፍሮ ወይም ለወጥ ሲቀቀል ማታ ውሃ ውስጥ ይደር። ከሰሉ በግማሽ ይቀንሳል ብል አላጋነንኩም።

ሥጋ ጨርሶ ልተው?

አይ። ለረጅም ጊዜ አይቻልም፣ ደስታም አይሰጥም። የጾሙ ቀን ለኦርቶዶክስ ቤት ወጪውን በተፈጥሮ ይቀንሰዋል፤ ረቡዕና አርብ ብቻ እንኳ ከሳምንቱ ሁለት ቀን ናቸው። በቀረው ቀን ትንሽ ሥጋ በብዙ ድንች ወይም በጎመን ይዘረጋል። ጎመን በሥጋ ሩብ ኪሎ ለአምስት ሰው ይበቃል። እንቁላል ፍርፍርም አለ።

ጎመንና ቆስጣ በረንዳ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ይበቅላል። ዝርዝር አያስፈልገውም፤ አፈር፣ ፀሐይና ልብስ የታለቀለቀበት ሳይሆን ሩዝ ወይም አትክልት የታጠበበት ውሃ።

ከሰል ይሻላል ወይስ መብራት?

በአብዛኛው መብራት። ከሰል በመደብ እየተገዛ ወጥ የሚሠራበት ቤት ሂሳቡን ቢያይ ይደነግጣል። ከሰል ለቡናና መብራት ለሚጠፋበት ቀን ይሁን። ምድጃችሁ የቆርቆሮ ከሆነ ላቀች በሚባለው ባለ ሸክላ ምድጃ ቀይሩት፤ ከቆርቆሮው ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። በእንጨት ለሚጋግሩ ምርጥ ምድጃ አለ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሻይ አንዴ አፍልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ማስቀመጥም ትንሽ ነገር አይደለም። ብቻ ከሰል በተዘጋ ቤት አታጭሱ። ክረምት በመጣ ቁጥር በጭሱ ተኝቶ የማይነሳ ሰው አለ።

ምሳ ቋጥሬ መሄድ ያሳፍረኛል።

ጓደኞቻችሁም እንደዚያው ነው የሚያስቡት። አንድ ሰው ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ሌላው በማግስቱ ይዞ ይመጣል። አብሮ ሲቆረስ ደግሞ ማን ሽሮ ማን ምስር እንዳመጣ አይታወቅም። በጠባብ ደመወዝ ከሚወጣ ወጪ ውስጥ በአንድ ውሳኔ የሚቀንሰው ትልቁ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከሃያ በላይ የሥራ ቀን አለ በወር።

የታክሲ ወጪዬ ከምግብ በለጠ።

መንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ጠዋትና ማታ ፐብሊክ ሰርቪስ አውቶብስ አለ፤ መታወቂያ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ካልሆነ አንበሳና ሸገር አውቶብስ ከሚኒባስ ይረክሳሉ፣ ጊዜ ግን ይበላሉ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡርም መስመሩ ላይ ለሚኖር ሰው ያዋጣል። መጨናነቁን ቻሉት፤ ኪሳችሁን ጠብቁ።

ሚኒባስ ላይ መንገድ እየተቆራረጠ ሲጫን ሦስት ሂሳብ ይሆናል። ጠዋት ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ወጥቶ ቀጥታ የሚሄደውን መያዝ በወር ሲደመር ይታያል። አንዱን ቁራጭ በእግር መሄድም ያው ነው።

ርቄ ብከራይ ኪራዩ ይረክሳል። ልሂድ?

ከኪራዩ ጋር የታክሲውን ደምሩ። ባልና ሚስት ሁለታችሁም ከተማ መሀል የምትሠሩ ከሆነ፣ የሁለት ሰው ሁለት ሁለት ታክሲ፣ ደርሶ መልስ፣ በሥራ ቀኑ ብዛት ሲባዛ ልዩነቱን ይበላዋል። ልጅ ከሰፈር ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነና አንዱ ሰው ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ግን ያዋጣል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣም ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ጄሪካን በገንዘብ የሚገዛበት ሰፈር ኪራዩ ርካሽ አይደለም። ላጤ ከሆናችሁ ደባል ፈልጉ።

መብታችሁንም እወቁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው ከሚያወጣው መጠን ሳያልፍ ነው። ብዙ ተከራይ ይህን ቢያውቅም «ቤቱን ልቀቅ ይለኛል» ብሎ ዝም ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ቢሆንም ውሉ የተመዘገበለት ሰውና ያልተመዘገበለት ሰው እኩል አይፈሩም።

እቁብ ልግባ?

ለአብዛኛው ሰው አዎ። ባንክ ያስቀመጡት ብር በስልክ ሁለት ቁልፍ ተነክቶ ይወጣል፤ እቁብ ግን አይነካም፣ ሰውም ያፍራል። አሥር ሰው በወር ሺህ ሺህ ብር ቢጥል አንዱ በየተራው አሥር ሺህ ይዞ ይሄዳል። ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበድሯል ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሰው አስቀምጧል ማለት ነው።

ልብ በሉ፦ ዋጋ በሚንር ጊዜ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ይጎዳል። የዛሬ አሥር ወር ኩንታል ይገዛ የነበረ ብር ዛሬ አይገዛም። ስለዚህ ረጅም እቁብ አትግቡ። ከቻላችሁ ዕጣ ከማውጣት ይልቅ እንደ ፍላጎት ተደራደሩ፤ አንዱ ለትምህርት ቤት መስከረም ላይ ይፈልጋል፣ ሌላው ለእህል ጥር ላይ። ገንዘቡ ሲደርሳችሁ በቀጥታ በብዛት ወደሚገዛው ዕቃ ቢገባ፣ እቁቡ ከላይ ያወራነውን የችርቻሮ ወጥመድ ይሰብራል። ሶፋ የገዛበት ሰው ግን በማግስቱ ያው ሩብ ኪሎ ሽንኩርት ጋ ነው።

የማታውቁት ሰው የሚሰበስበው፣ ዋስ የማይጠራበት፣ በቴሌግራም ብቻ የሚካሄድ እቁብ አትግቡ። መጣያውም ከአቅም በላይ አይሁን። እቁብ ለመጣል የሚበደር ሰው አለ፤ ይህ የተገላቢጦሽ ነው።

ዱቤና የስልክ ብድርስ?

የሰፈር ሱቅ ዱቤ በችግር ቀን ነፍስ አድን ነው። ግን ባለ ዱቤ ደንበኛ ዋጋ አይከራከርም፣ ሌላ ሱቅም አይሄድም። ዋጋው እዚያ ውስጥ አለ። ደብተሩን በየሳምንቱ አብራችሁ እዩ።

በቴሌብር የሚሰጡት እንደ መላና እንደኪሴ ያሉ ብድሮች ፈጣን ናቸው፤ ክፍያም አላቸው። ልጅ ታሞ ሌሊት መድኃኒት ለመግዛት ይሁን። ለአስቤዛ ከተለመደ ደመወዙ ሲገባ ቀድሞ የሚነሳ ድርሻ ይኖረዋል፤ ወሩም ከጎደሎ ይጀምራል። መሥሪያ ቤታችሁ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ካለው እዚያ ግቡ፤ ወለዱ ዝቅ ያለ ነው። አራጣ ጋ አትሂዱ። በሕግም ወንጀል ነው፣ በኑሮም መውጫ የለውም።

እድሬን ባቋርጥ በወር ትንሽ ይተርፈኛል።

አታቋርጡ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ የሚያስተዛዝነው ሰው፤ ይህን ሁሉ በገንዘብ የገዛ ቤተሰብ በዕዳ ነው የሚወጣው። ሁለት ሦስት እድር ያላችሁ ግን ወደ አንድ ማውረድ ትችላላችሁ።

ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለልደት ካልሰጠሁ ሰው ምን ይላል?

ይላል። ከዚህ ገጽ ጥያቄዎች ሁሉ አስቸጋሪው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን እናንተም በችግራችሁ ቀን የምትመኩት እዚያው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ መቅረት አልመክርም። መጠኑን ግን አስቀድማችሁ ወስኑ። ለዓመቱ ይህን ያህል ብላችሁ፣ ለቅሶና የታመመ ጥየቃ ቅድሚያ ይኑረው። ለሠርግ ሄዶ መሥራት፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ እንግዳ ማስተናገድ ከፖስታ ይበልጣል። ልደት በኬክ የሚባለው ልማድ ግን አዲስ መጤ እንጂ ባህል አይደለም፤ እዚያ ላይ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

የጥሎሽና የቬሎ ነገር ላይ አልገባም፤ ራሱን የቻለ ገጽ ይወጣዋል።

ከገጠር ያሉ ወላጆቼ በየወሩ ይጠብቁኛል።

የምትችሉትን መጠን በግልጽ ንገሯቸው፣ ሳይዛባ ላኩ። አንድ ወር ብዙ፣ አንድ ወር ባዶ ከመላክ ትንሽ ሆኖ የማይቀር ይሻላቸዋል፤ እነሱም ያቅዱበታል። ካላቸው ደግሞ ከመኸር በኋላ ጤፍና ጥራጥሬ በመኪና ይላኩ። ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ያለ እህት ወንድም የሚልክላችሁ ከሆነም ያው ነው፦ ያ ገንዘብ ለየቀኑ ወጪ ሳይገባ ለኩንታሉ፣ ለትምህርት ቤቱ ይዋል። ላኪው ሥራ ቢያጣ ቤታችሁ አብሮ አይወድቅም።

ሕመም ሲመጣ ሁሉም ይፈርሳል። ምን ማድረግ ይቻላል?

መደበኛ ደመወዝ የሌላችሁ ከሆነ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግቡ። በዓመት አንዴ ይከፈላል፣ ለቤተሰቡ ነው፣ ምዝገባው የተወሰነ ወቅት ስላለው ወረዳ ጠይቁ። ጨርሶ ለማይችሉ መንግሥት ይከፍላል። ዋናው ደንብ፦ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ሪፈር ሳይዙ ቀጥታ ሆስፒታል የሄዱ መድኑ ላይሸፍንላቸው ይችላል።

ወሊድ፣ ክትባትና የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው። መድኃኒት አዲስ አበባ ውስጥ ከነማ ወይም የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ። ሐኪሙንም «ርካሹ ዓይነት ይኖራል?» በሉት፤ ብዙዎቹ ካልተጠየቁ አያነሱትም።

ልብስ?

ሰልቫጅ። ጠዋት ቦንዳው ሲፈታ መሄድ፣ ስፌቱንና ዚፑን ማየት፣ ውስጥ ልብስ አለመግዛት። ያለቀውን አትጣሉ፤ ልዋጭ ሲያልፍ ሳህን ይሆናል፣ ብረታ ብረቱና ጠርሙሱም ለቁራሌው።

ለልጆች ትምህርት የግል ትምህርት ቤት ግድ ነው?

አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከቅድመ መደበኛ ጀምሮ የምገባ ፕሮግራም አለ፤ የደንብ ልብስና ደብተርም ከተማው ሲያቀርብ ቆይቷል። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ከገቢያችሁ ሩቡን ከወሰደ፣ ያ ገንዘብ ለጥሩ ምሳና ለማስጠኛ ቢውል ልጁ የሚጠቀም ይመስለኛል። ሁሉም አይስማማም።

ከደመወዜ የሚቆረጠው ትክክል መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። የድሮውን ሠንጠረዥ የሚጠቀም አሠሪ ካለ ገንዘባችሁ ያላግባብ እየሄደ ነው፤ የደመወዝ ወረቀት ጠይቁ።

በዓል ሲመጣ እዳ ውስጥ እገባለሁ።

በዓሉ የሚወደደው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ዶሮ ወጥን የሚያስወድደው ዶሮው ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርቱ ነው፣ ዘይቱ ነው፣ ቅቤው ነው። እነዚህን ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ግዙ። ሽንኩርት ደረቅና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ዘርግታችሁ ብታስቀምጡት ይቆያል። ረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው፤ ዘይት፣ ዱቄትና ቴምር ጨረቃ ሳትታይ።

ሥጋ በቅርጫ ከሥጋ ቤት በጣም ይረክሳል። መደብ ለብቻ ከበዛ ለሁለት ቤት ተካፈሉት።

ጳጉሜን ለምን እንደዚህ ትከብዳለች?

የነሐሴ ደመወዝ ሠላሳ ቀን ሳይሆን 35 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 36 ቀን ነው መዝለቅ ያለበት። በዚያ ላይ እንቁጣጣሽ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ መስቀል። እህሉም በዓመቱ ውዱ ጊዜ ላይ ነው። ከዓመቱ ሁሉ እዳ የሚገባበት ወቅት ይሄ ነው ቢባል አያስገርምም።

ስለዚህ ከጥር ጀምሮ በየወሩ ለአምስት ቀን ወጪ የሚሆነውን ሰባተኛ ሰባተኛ እየቀነሳችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ሐምሌ ሲያልቅ ሙሉው ይሞላል። ወይም ነሐሴ ላይ የሚደርሳችሁን እቁብ ተደራደሩ። ደብተርና እስክሪብቶ ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ግዙ፤ ያኔ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ያለፈው ዓመት ደብተር ያልተጻፈበት ገጽ ካለው ተገንጥሎ በክር ይሰፋና ለቤት ሥራ መለማመጃ ይሆናል።